ስለ ጨው፤ ለአባታችን ብቻ ሳይሆን ለሁላችን



በየዓመቱ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ ስለ ታላላቅ ነገሮች መጻፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ በየቤታችን ጓዳ ተከድኖ ስለሚቀመጠው ስለ ጨው ያለኝን ሐሳብ ለማቅረብ እወዳለሁ። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም በቤታችን ያደረሰውን ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጨው በአገራችን የተከበረ ነገር መሆኑ የታወቀ ነው። በአፋር ምድር በዳሎል አካባቢ ካለው የጨው ሜዳ እየተጠረበ በግመል ወደ ደጋው ይወጣ የነበረው አሞሌ፣ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ሲሠራበት ኖሯል። አባቶቻችንም «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ። እንዲህ ያለውን የተከበረ ነገር አንድ ተማሪ ሲነቅፍ መስማት ድፍረት ይመስል ይሆናል። እኔ የምነቅፈው ግን ጨውን ሳይሆን መጠኑን ማለፋችንን ነው።

ካቻምና አባቴ ሳል አስቸግሯቸው ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄዱ ሳያስቡት ደም ብዛት እንዳለባቸው ተነገራቸው። ሐኪሙም መድኃኒት አዘዙላቸውና ጨው እንዲቀንሱ መከሯቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሁለት ድስት መጣድ ጀመሩ፤ አንዱ የቤተ ሰቡ፣ ሌላው የአባቴ። እኛ እንደ ወትሮው በአንድ ገበታ ዙሪያ ስንቀመጥ ለአባቴ በትንሽ ሳሕን ለብቻቸው ይቀርብላቸው ነበር። ጥቂት ቀን ታገሡ። አንድ ማታ ግን ሳሕኑን ገፋ አድርገው «ምን ሆኜ ነው ከልጆቼ ተለይቼ የምበላው?» አሉና ከእኛ ገበታ ቆረሱ። ሊከለክላቸው የደፈረ አልነበረም። ሁለተኛውም ድስት በዚያው ቀረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲለኩ ደም ብዛታቸው ከፊተኛው ብሶ ተገኘ።

አንዳንድ ሰው ጥፋቱን በአባቴ ላይ ያደርግ ይሆናል። እኔ ግን ጥፋቱ የሁላችን ነበር እላለሁ። በእኛ አገር ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለ ያደገን ሰው፣ ስለታመመ ብቻ ከገበታ መለየት ቅጣት እንጂ ሕክምና አይሆንም። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ በቤቱ ውስጥ በሽተኛ ቢኖርም ባይኖርም፣ ጨው የሚቀነሰው ከሁሉም ድስት ይሁን።

ይህንንም ያልኩበት ምክንያት አለኝ። በጨው ውስጥ ሶዲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ጠባዩም ውሃን መሳብ ነው። ጨው ሲበዛ ኩላሊታችን ትርፉን ሁሉ አጣርቶ ማውጣት ስለሚያቅተው በደማችን ውስጥ ያለው ውሃ ይጨምራል፤ በደም ሥሮችም ላይ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። ይህ ግፊት ለብዙ ዓመታት ሲቆይ ልብን ያደክማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የአንጎልን የደም ሥር ዘግቶ ወይም አፍርሶ ሰውን ሽባ ያደርጋል፤ አልፎም ይገድላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ደም ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ መኖሩ ነው። ስለዚህ «እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ጨው ምን ያደርገኛል?» የምንል ወጣቶች ነገ የሚያስቸግረንን ልማድ ዛሬ እየተማርን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበቃው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ነው። እኔም ይህን ካነበብኩ በኋላ የቤታችንን ሒሳብ ለመሥራት ፈለግሁ። 6 ሰዎች ነን። በቀን 5 ግራም ለያንዳንዳችን ቢደርስ 30 ግራም ይሆናል፤ አንድ ኪሎ ጨው 33 ቀን ሊያቆየን ይገባል ማለት ነው። ጨው የተገዛበትን ቀን ጽፌ ብጠብቅ ግን በ19ኛው ቀን አለቀ። ለያንዳንዳችን በቀን ወደ 9 ግራም መድረሱ ነው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ የገባባቸው፣ በዳቦው ውስጥ ያለው፣ ከትምህርት ቤታችን ደጅ በምንገዛው የተጠበሰ ድንች ላይ የሚነሰነሰው ጨው በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ሁለት መቃወሚያ እንደሚቀርብልኝ አውቃለሁ። አንደኛው፣ ወጡ አልጫ ይሆናል፣ ባለሙያዋም ትታማለች የሚል ነው። ለዚህ መልሴ ምላስ ተማሪ መሆኑ ነው። ጨው በአንድ ቀን ሳይሆን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ቢቀነስ፣ በምትኩም ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮሰረት ወይም ሎሚ ቢታከልበት፣ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል። ደግሞም ወደ ማድቤት የገባ ሁሉ ቀምሶ «ጨው ያንሰዋል» እያለ የሚጨምርበት ልማድ ይቅር፤ ጨው የሚያስገባው እጅ አንድ ይሁን።

ሁለተኛው መቃወሚያ ስለ እንቅርት ነው። አዮዲን ሲጎድል እንቅርት ይወጣል፤ የነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ቢጎድል የሕፃኑ አእምሮ ይጎዳል። በአገራችንም በ2003 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ታዝዟል። እንግዲህ ጨው ስንቀንስ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆንብን ያስፈራል የሚሉ አሉ። ነገር ግን የምንገዛው አዮዲን ያለው ጨው ከሆነ፣ ዕቃው ተከድኖ ከፀሐይና ከእርጥበት ከተጠበቀ፣ ጨውም ወጡ ሊወጣ ሲል ከገባ፣ አነስ ያለውም መጠን ይጠቅማል። የሚቀነሰው መጠኑ እንጂ ዓይነቱ አይደለም።

ነገሩ በአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን በአገርም ታይቷል። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሕዝቧን የጨው መጠን ለመቀነስ ተነሣች። በሽተኞች ብቻ ሳይሆኑ ሕዝቡ በሙሉ ሲቀንስ የደም ግፊቱ ወረደ፤ ከሌሎች የጤና እርምጃዎች ጋር ተባብሮም በልብና በአንጎል የደም ሥር በሽታ የሚሞተው ሰው በብዙ አነሰ።

በእኛም ቤት ከመስከረም ጀምሮ የሚጣደው አንድ ድስት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ አኩርፎ ነበር፤ አሁን ግን የጎረቤት ወጥ ሲቀምስ «ጨው በዛበት» የሚለው እሱ ነው። አባቴ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ፤ በቅርቡ ሲለኩም ደም ብዛታቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ከሁሉ ይልቅ እኔን ደስ ያሰኘኝ ግን እንደ ቀድሞው ከእኛ ጋር ተቀምጠው ማጉረሳቸው ነው።

ስለዚህ ክቡራን ወላጆች፣ ደማችሁን ተለኩ። እናንተም ጓደኞቼ፣ በቤታችሁ አንድ ኪሎ ጨው ስንት ቀን እንደሚቆይ ቁጠሩ፤ ቁጥሩንም ለእናቶቻችሁ በትሕትና አሳዩአቸው። በቤታችሁ የታመመ ካለ ደግሞ ለብቻው አታቅርቡለት፤ የእናንተን ጨው ቀንሳችሁ ከእሱ ጋር ብሉ።