«እሱ ነው የጀመረው» ብቻውን ነፃ አያወጣም

አዘና ላይ ጠብ ተነስቶ ሰው ከተጎዳ ሻይ ቤት ውስጥ ፍርዱ ወዲያው ነው የሚሰጠው። «ማን ጀመረ?» ይባላል። ከዚያ ያልጀመረው ነፃ ነው። ፍርድ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። መሣሪያ እንዲህ በበዛበት ጊዜ ልዩነቱን አለማወቅ ብዙ ዓመት እስር ሊያስከፍል ስለሚችል ዛሬ በዚህ ላይ እናወራለን።

በአሜሪካ ፊልም የምናያቸው 12 የጁሪ አባላት እኛ ጋ የሉም። እዚያ ዳኛው ራስን መከላከል ማለት ምን እንደሆነ ለጁሪው መመሪያ ያነባል። ካይል ሪተንሃውስ 2 ሰው ገድሎ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነፃ የወጣውም ጁሪው እንዲህ ዓይነት መመሪያ ይዞ ለቀናት ከመከረ በኋላ ነው። እኛ ጋ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚወስነው ዳኛው ነው። መመሪያው ጮክ ተብሎ ስለማይነበብ ብዙዎቻችን ሰምተነው አናውቅም።

መመሪያው ግን አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ነው። ወደ ጥያቄ ስንቀይረው ይህን ይመስላል፦

1. በራስህ ወይም በሌላ ሰው መብት ላይ ሕገወጥ ጥቃት እየደረሰ ነበር ወይስ ሊደርስ ተቃርቦ ነበር?
2. በሌላ መንገድ ማምለጥ ወይም ማስቆም አይቻልም ነበር?
3. የወሰድከው እርምጃ ከአደጋው ጋር ይመጣጠናል?

ሦስቱም «አዎ» መሆን አለባቸው። ፈረስህን የነዳ ሌባ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሮጥ ብትተኩስበት ሦስተኛው ጥያቄ ይከብድሃል። ትናንት የመታህን ሰው ዛሬ ገበያ ላይ ጠብቀህ ብትመታው ደግሞ የመጀመሪያውንም አታልፍም። እሱ በቀል ነው።

መጠኑን ያለፈ ሰውስ? አንቀጽ 79 አለ። ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልለታል። ያለፈው በጥቃቱ ደንግጦ ወይም ፈርቶ ከሆነና ድንጋጤው ይቅር የሚባል ከሆነ ጭራሽ ላይቀጣም ይችላል።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሕግ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ለጋብቻ ተጠለፈች፣ ተደፈረችም። መሣሪያ ይዛ አመለጠች፤ ሲያሳድዷት ተኩሳ ጠላፊዋን ገደለች። የአካባቢው ልማድ ነፍሰ ገዳይ አላት። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ራስን መከላከል ነው ብላ ተከራከረች፣ ልጅቷም ነፃ ወጣች። «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው በዚህ ታሪክ ላይ ነው። መዓዛ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነች። ያቺ ልጅ አምልጣ ከሳምንት በኋላ ተመልሳ ብትተኩስ ኖሮ ግን ክርክሩ ሌላ ይሆን ነበር።

እኛን የሚያሳስበን ማስረጃው ነው። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ፍርድ ቤቱ «ተከላከል» ካለ በኋላ ተከሳሹ የራሱን ምስክር ማቅረብ አለበት። ጠቡ ማታ ማሳ ውስጥ ከነበረ ማን ይመሰክርለታል? ጠበቃ የሌለው ገበሬ ደግሞ «እሱ ነው የጀመረው» ብሎ ይቀመጣል። ስለ ማምለጫው፣ ስለ ርቀቱ፣ ሟች ምን ይዞ እንደነበር አይናገርም፤ እንደሚያስፈልግ የነገረው የለማ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ «አዎ መትቻለሁ፣ ግን ራሴን ለማዳን ነው» ማለት ጥፋተኝነትን ማመን አይደለም። ፍርድ ቤቱ እንደ ክህደት ነው የሚመዘግበው፤ ስለዚህ «ግን»ዋን አትተዋት። ሁለተኛ፣ አቅም ለሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ደንግጓል። ጠይቁ።

ከዳኞችም የምንጠብቀው አለ። ጁሪ ስለሌለ መመሪያው በፍርዱ ጽሑፍ ውስጥ መታየት አለበት። «የመከላከል ክርክሩን አልተቀበልነውም» የሚል አንድ መስመር አይበቃም። ከሦስቱ ጥያቄዎች የትኛውን፣ ለምን እንዳላለፈ ይጻፍለት። የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚለው እኮ ምክንያቱን ሲያውቅ ነው።