የምግብ አለርጂ መድኃኒቱ በሻጩ እጅ ነው

መርካቶ ገብቶ «ምግብ አልስማማ ብሎኝ ሰውነቴን ያሳክከኛል» ያለ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሶ እንዲውጥ ትነግረዋለች፤ ጎረቤቷ ፌጦ ያነሳለታል፤ ሦስተኛው ጤና አዳም ይመክረዋል። ፍላጎት ባለበት አቅርቦት መኖሩ የገበያ ወግ ነውና አያስገርምም። የሚያስገርመው በሽተኛው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሸቀጥ ከገበያው መታጣቱ ነው። ያ ሸቀጥ መረጃ ይባላል።

የምግብ አለርጂ የሰውነት መከላከያ ኃይል ጉዳት የሌለውን ምግብ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዘምትበት የሚመጣ ችግር ነው። ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋ ሰው ብዙውን ጊዜ የወተቱን ስኳር መፍጨት ያቃተው እንጂ አለርጂ ያለበት አይደለም፤ መጠኑን መቀነስ ወይም እርጎ መሞከር ይበቃው ይሆናል። እውነተኛ አለርጂ ያለበትን ግን ጥቂት ቅንጣት ከንፈሩን ልታሳብጠው፣ ትንፋሹን ልትዘጋው፣ የደም ግፊቱን ልትጥለው ትችላለች። በዚያች ሰዓት ሕይወት የሚያተርፈው የአድሬናሊን መርፌ ነው። የምግብ አለርጂን እንደሚያድን የተረጋገጠ የቤት መድኃኒት የለም። ማሩም ቢሆን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጭራሽ አይሰጥም።

ይህን የምለው ዳር ቆሜ አይደለም። የእህቴ ልጅ ለውዝ የተቀላቀለበት ቆሎ ቀምሶ ፊቱ ሲያብጥ፣ ቤት የነበርነው ሁሉ ማር ፍለጋ ተሯሯጥን። ማሩ ተገኘ፤ የልጁ ትንፋሽ ግን ማፏጨት ጀመረ። ሐኪም ቤት ደርሶ በመርፌ ተረፈ። በማር ፍለጋ ያባከንነው ሩብ ሰዓት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ታዲያ ቤተሰብ ምን ያድርግ? መጀመሪያ በሐኪም ተመርምሮ የሚጎዳውን ምግብ ለይቶ ማወቅ ነው። በጥርጣሬ ብቻ ወተቱንም እንቁላሉንም ከልጅ አፍ መንጠቅ ሌላ በሽታ መግዛት ነው። ከተለየ በኋላ ያንን ምግብ ፈጽሞ መተው፣ ድስቱንና ማማሰያውን መለየት፣ መርፌ የታዘዘለትም ከአጠገቡ አለማራቅ ነው። የአልኮል መጠጥና ከምግብ በላይ የሚደረግ ከባድ ስፖርት አለርጂውን ሊያባብሱት እንደሚችሉም ማወቅ ይጠቅማል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ሆኖም መጠንቀቅ የሚቻለው የሚበሉትን ሲያውቁ ነው። ሽሮው ውስጥ ምን ምን ተፈጭቷል? የጤፍ ነው የተባለው እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ ገብቶበታል? ቆሎው የተቆላው ለውዝ በተቆላበት ምጣድ ነው? መልሱን ሻጩ ያውቀዋል፤ ገዢው አያውቀውም። በኢኮኖሚክስ ትምህርት የመረጃ አለመመጣጠን የምንለው ይህ ነው። በሌላ ሸቀጥ ላይ ገዢው የሚከስረው ገንዘቡን ነው፤ እዚህ ላይ ግን ልጁን ሊያጣ ይችላል።

ጉዳዩ የላኪዎቻችንንም ኪስ ይነካል። የአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ መሠረት በምግብ ላይ በግልጽ መነገር ያለባቸው የአለርጂ መንስኤዎች 14 ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ሰሊጥ፣ ሰናፍጭና ግብጦ ይገኙበታል፤ ሦስቱም የኛ አገር ማሳ የሚያውቃቸው ናቸው። አሜሪካም ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሰሊጥን ዘጠነኛ አድርጋ ከዝርዝሯ አስገብታለች። የሰሊጥ ብናኝ በቀረበት ጆንያ ሌላ እህል ሞልቶ የሚልክ ነጋዴ ከእህሉ ጋር አደጋም እየላከ መሆኑን ማሰብ አለበት።

ሕግ ብቻውን መፍትሔ ነው ማለቴ አይደለም። አንዳንድ የአሜሪካ ዳቦ ጋጋሪዎች ሰሊጡን ከሌላው ዳቦ ለይቶ መሥራት ወጪው ቢከብዳቸው፣ ሆን ብለው ሰሊጥ ጨመሩና «ሰሊጥ አለበት» ብለው ጻፉ። ሕጉ ተከበረ፤ በሽተኛው ግን ይበላው የነበረውን ዳቦ አጣ። ከሕጉ ጎን የነጋዴው ሕሊና ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

የሚጠየቀው ወጪ ደግሞ ብዙ አይደለም። አሽጎ የሚሸጥ ከከረጢቱ ላይ «ለውዝ አለበት፣ ሰሊጥ ነክቶታል» ብሎ አንድ መስመር ይጨምር። በኪሎ የሚሸጥም ሲጠየቅ እውነቱን ይናገር፤ ካላወቀም አላውቅም ይበል። በሚዛኑ የታመነ ነጋዴ ደንበኛ እንደማያጣ እህል በረንዳ የዋለ ሁሉ ያውቃል። በቃሉም የታመነ እንዲሁ ነው። ጥቁር አዝሙዱም ማሩም ለወጡና ለዳቦው ይሸጥ፤ አለርጂ ያድናል ተብሎ ግን አይሸጥ።