ለጾመኛ ወንድም እራት ስለ ማቆየት

የ2014 ዓ.ም. ነሐሴ 1 ቀን እሑድ ነበረ። የዚያ ዓመት የትምህርት ጊዜ ተገፍቶ ክረምቱን በግቢ ያሳለፍን ሁሉ ቀኑን በዝናቡና በጭቃው እናስታውሰው ይሆናል። በእኛ ዶርም ግን የሚታወሰው በሌላ ምክንያት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የሦስት ሃይማኖት ጾም በአንድ ቀን ተገናኘ። ለእኛ ለኦርቶዶክሶቹ የፍልሰታ ጾም መግቢያ ነበረ፤ ለሙስሊሙ ጓደኛችን የሙሐረም ዘጠነኛው ቀን፣ የዓሹራ ዋዜማ ነበረ፤ ለአይሁዳዊው ጓደኛችን ደግሞ በዕብራይስጥ ቲሻ ብአቭ የሚባለው፣ የቤተ መቅደስ መፍረስ የሚታሰብበት ጾም ነበረ።

አንባቢ «እንግዲህ ስለ መቻቻል ሊሰብኩን ነው» ብሎ ገጹን ከመግለጡ በፊት ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን። የምንጽፈው ስለ ራሳችን ጥፋትና ከጥፋቱ ስለ ተማርነው አንድ ነገር ነው።

ጓደኛችን የጎንደር ልጅ ነው፤ ከቤተ እስራኤል ወገን። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲወሰዱ የእርሱ ቤተ ሰቦች ወደ ኋላ ከቀሩት ወገን ነበሩ። ግቢ በገባ በመጀመሪያው መንፈቅ ሃይማኖቱን ለማንም አልነገረም። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን በቡዳነት ሲያሙ የሰማነው በየቤታችን ነው። «ፈላሻ» የሚለውን ቃል ቤተ እስራኤሎች ራሳቸው እንደማይወዱት እያወቅን አሁንም በቀልድ መካከል የምንወረውር አለን። ተምረናል የምንል ሰዎች ከዚህ ነገር ገና አልጠራንም።

ወደ ጾሙ እንመለስ። አይሁድ በአቭ ወር ዘጠነኛ ቀን የሚያለቅሱት ስለ ሁለቱ ቤተ መቅደሶች ነው። የመጀመሪያውን የባቢሎኑ ናቡከደነፆር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 አፈረሰው፤ ሁለተኛውን ሮማውያን በጢቶስ መሪነት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ70 ዓ.ም. አቃጠሉት። ጾሙ ከፀሐይ መጥለቅ ጀምሮ እስከ ማግሥቱ ምሽት፣ ኮከብ እስኪወጣ ድረስ ነው፤ እህልም ውሃም አይቀመስም። የቆዳ ጫማ አይደረግም። እስከ ቀትር በወንበር መቀመጥ የለም። ሰቆቃወ ኤርምያስ ይነበባል። ሰላምታም አይሰጥም። በዚያ ዓመት ዘጠነኛው ቀን ቅዳሜ ስለ ዋለ፣ በሰንበት ሐዘን አይገባምና ጾሙ ወደ እሑድ ተላለፈ።

እኛ ታዲያ ምን አደረግን? ቅዳሜ ማታ ነገሩን እንደ ሰማን በጣም ደስ አለን። «ነገ ሁላችንም ካንተ ጋር እንጾማለን፤ እህልም ውሃም አንቀምስም» ብለን ቃል ገባንለት። እሑድ ጧት ስንነሣ ጋቢውን አጥፎ መሬት ላይ ተቀምጦ ሲያነብ አገኘነው፤ ኮንጎ ጫማው በበሩ ሥር ነበረች። እኛም በአንድ ድምፅ «እንኳን አደረሰህ!» አልነው። ቀና ብሎ አየን፤ ምንም አልመለሰም። ኮርቶብን መስሎን ጥቂት ቅር አለን። ከዚያም ቀኑን ሙሉ በዙሪያው እየሳቅን፣ ስለ ረኀባችን እየቀለድንና ሰዓት እየቆጠርን ዋልን። ልክ 12 ሰዓት ሲሆን «አበቃ!» ብለን ወደ ካፌ ሮጥን። ምስር ወጡን ጠግበን በልተን ስንመለስ «ይኸው ካንተ ጋር ጾመን ዋልን» አልነው። እርሱ ግን ገና ጾሙን አልፈታም ነበር። ካፌው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተዘግቷል። ከመካከላችን አንድ ዳቦ እንኳ ያስቀመጠለት ሰው አልነበረም።

ያስቀመጠለት ሌላ ነበረ። ሙስሊሙ ጓደኛችን ከጎኑ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። መግሪብ ሲደርስ አንዲት ተምር በልቶ ውሃ ጠጣ፤ የቀረውን ተምርና ከቀትር በፊት ከሱቅ የገዛውን ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ አስቀመጠ። የክረምት ደመና ኮከብ ስለማያሳይ ሁለቱም በሰዓት እየተመለከቱ ጠበቁ። ጊዜው ሲደርስ ወረቀቱን ፈታና ለሁለት አካፈለው። አልቀለደም፤ ቃልም አልተናገረም።

ከሦስታችን ወገን ለጓደኛው የሚያስፈልገውን ያወቀው የራሱን ጾም በሥርዓት የጾመው ነበረ። እኛ ግን የራሳችንንም አልጠበቅንም፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በሰንበት ከጥሉላት መከልከልን እንጂ ከእህልና ከውሃ መጾምን አይፈቅድም። ለሰው ጾም እናድላ ስንል የራሳችንን ሰንበት ሻርን፤ የሰውየውንም ሐዘን አደባባይ አደረግነው።

«ጾም ሁሉ አንድ ነው፤ ምን ለያየን?» የሚል ጓደኛ አይታጣም። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በሙስሊሞች ሐዲስ እንደሚነገረው ነቢዩ መዲና ሲገቡ አይሁድ ሙሴ ከፈርዖን የዳነበትን ቀን ሲጾሙ አገኟቸውና የዓሹራን ጾም ጾሙ፤ በኋላም ከእነርሱ ለመለየት ዘጠነኛውም ቀን እንዲጨመር አሰቡ። በመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ዘንድ የነበረው ዲዳኬ የተባለው መጽሐፍም ሰኞና ሐሙስ የሚጾሙትን እንዳይመስሉ ረቡዕና ዓርብ እንዲጾሙ ምእመናኑን ያዛል። ጾሞቻችን ከአንድ አካባቢ ቢወጡም ለመለያየት ተብለው የተቆረጡ ናቸው። ልዩነቱን ማድበስበስ ለማንም አይጠቅምም። ይልቁንም ለመለየት የተጨመረው የሙሐረም ዘጠነኛ ቀን በዚያ ዓመት ከአይሁድ ጾም ጋር ገጠመና ሁለቱ ጾመኞች አንድ ዳቦ ተካፈሉ። ሁለቱም የየራሳቸውን ጾም እንደ ያዙ ነበሩ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ከሌላ ቦታ መማር አይገባንም ነበር። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ሐዘንተኛውን «እንኳን አደረሰህ» አይለውም፤ ዝም ብሎ ከጎኑ ይቀመጣል። ሐዘንተኛውን ለመምሰልም አይራብም፤ እንጀራና ወጥ ይዞ ይሄዳል። ዕድርም የቆመው ለዚሁ ነው። የጓደኛችን ጾም የሁለት ሺህ ዓመት ለቅሶ መሆኑን ብናስተውል ኖሮ ምን ማድረግ እንደሚገባን እናቶቻችን አስቀድመው አሳይተውን ነበር።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለዚያ ቀን ይቅርታ ጠየቅነው። ሳቀና እንዲህ አለን፦ «ከእኔ ጋር እንድትራቡ አልፈለግሁም። ሳልደበቅ ብጾም ይበቃኝ ነበር።»

እንግዲህ ተመርቀን ከመውጣታችን በፊት ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በረመዳን ጊዜ ለሙስሊም ተማሪዎች እራት እንደሚቆይ ሁሉ፣ በማናቸውም ቀን የሚጾም ተማሪ በዋዜማው ካርዱን አስመዝግቦ እራቱ እንዲቆይለት ይደረግ፤ ሃይማኖቱም አይጠየቅ። የፈተና ፕሮግራም ሲወጣ አስተስርዮ የሚባለው የዮም ኪፑር ጾምና ሌሎቹም ታላላቅ ጾሞች የሚውሉበት ቀን አስቀድሞ ይታይ። ለዚህ ጥቂት ወረቀትና አንድ ድስት ብቻ ይበቃል።

«ለአንድ ተማሪ ሲባል ደንብ ይለወጣልን?» ይባል ይሆናል። መልሳችን ቀላል ነው። ብዙ የሆኑት ደንብ ባይኖርም ብዛታቸው ያበስልላቸዋል፤ ደንብ የሚያስፈልገው ለአንዱ ነው። በየዓመቱ ወደዚህ ግቢ ከሚገቡት መካከል ጾሙን በልቡ ይዞ ማንነቱን የሚሸሽግ ሌላ አንድ ተማሪ እንዳለ አንጠራጠርም። ደንቡ እስኪወጣ ድረስም ቢሆን ከየዶርሙ አንድ ሰው ዳቦ ገዝቶ ማስቀመጥ ይችላል። እኛ ያን ዕለት አላስቀመጥንም፤ እናንተ አስቀምጡ።