መርዝ ይቀላል፣ መዝገብ ይከብዳል

በአማርኛችን ውስጥ እንደ ውሻ የተሰደበ ፍጡር ያለ አይመስለኝም። ለሆዱ ያደረውን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንለዋለን፤ የትም የማይፈለገውን «ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ» እናደርገዋለን፤ ንዴታችን ሲብስ ደግሞ የሰውየውን አባት ውሻ ብለን እናርፋለን። ስድቡስ ስድብ ነው። የሚከፋው ለውሻ በጀት የመደብን ዕለት ነው፤ የምንመድበው ለመግደያው ነውና።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ከተማው ውስጥ ውሻ በዛ ይባላል፤ ወይም ልጅ ተነከሰ፤ ወይም ትልቅ እንግዳ ሊመጣ ነው። ሥጋ ይገዛል፣ ስትሪክኒን የሚባል መርዝ ይደረግበታል፣ ሌሊት መንገድ ላይ ይበተናል። አዲስ አበባ ይህን ዘዴ ለዓመታት ስትጠቀምበት ኖራለች። ስትሪክኒን አስተኝቶ አይገድልም፤ ጡንቻን እያንዘፈዘፈ፣ እያወቀው ነው የሚገድለው። ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሳም ይከተለዋል። መርዙ ባለቤት ያለውንና የሌለውን፣ የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም።

«እሺ፣ ጭካኔው ይሁን፤ በሽታውን ካጠፋልን ምን ቸገረን?» የሚል አይጠፋም። አያጠፋም! የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ሪፖርት፣ ውሻን ማስወገድ የውሻን ብዛትም ሆነ የእብድ ውሻ በሽታን ሥርጭት በጉልህ እንደቀነሰ የሚያሳይ ማስረጃ የለም ብለዋል። ምክንያቱ ሊቅነት አይጠይቅም። የሞተውን ውሻ ቦታ ያልተከተበ ቡችላ ይተካበታል። ተከትቦ እንደ አጥር የቆመውንም ውሻ የገደልነው እኛው ነን። በሽታውን የሚገታው በየአካባቢው ካሉት ውሾች 70 በመቶውን መከተብ ነው። ሜክሲኮ ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን ይህን በሽታ ማጥፋቷ እ.ኤ.አ. በ2019 የተረጋገጠላት በዚህ መንገድ ሄዳ ነው።

እስቲ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወጣ ብለን ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ እንዝለቅ። እዚያ ውሻው ባለቤት አለው፤ ግን አይታሰርም። ማታ በረት ይጠብቃል፣ ቀን ከእረኛው ጋር ይውላል፣ በገበያ ቀን ጌታውን ተከትሎ አርብ ገበያ ወይም ወገዳ ይደርሳል። ይህ ውሻ ያበደ ዕለት መጀመሪያ የሚያገኘው ማንን ነው? እረኛውን ልጅ ነዋ! በዓለም ላይ ከበሽታው ተጠቂዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የተነከሰ ልጅ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ መታጠብ፣ ክትባቱም ሳይውል ሳያድር መጀመር አለበት። ከበሽሎ ቆላ አፋፍ ላይ ያለ አባት ግን የእግር መንገዱን፣ የመኪናውን ዋጋ፣ የሚታጎለውን ሥራ ያሰላል። መድኃኒት አዋቂው ቅርብ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ውሻ ማዳን የሚባለው ነገር ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የውሻ አድን ማኅበር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የፈረንጅ ሥዕል ነው፦ የታጠበ ውሻ፣ ፍራሽ፣ ማደጎ የሚወስዱ ወይዘሮ። ለጋይንት ይህ አይሆንም። እዚያ ውሻ ማዳን አሰልቺ ሥራ ነው። ጠዋት የክትባቱ ሳጥን በረዶ ይታያል፤ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ የሚወጋው ውሃ ነው። ከዚያ በቅሎ፣ ካልሆነም እግር። ቀበሌው ሲደረስ ልጆች ውሾቻቸውን በገመድ እየጎተቱ ያመጣሉ። አንዱ አፍ ያስራል፣ አንዱ ይወጋል፣ አንዱ ይጽፋል፦ የባለቤቱ ስም፣ ጎጡ፣ የውሻው መልክ፣ ቀኑ። ቡችላም አይዘለልም። ማምከን ከታሰበ የእንስሳት ሐኪም፣ ማደንዘዣና ንጹሕ ክፍል ያስፈልጋል። ማታ መዝገቡ ይደመራል፤ 70 በመቶ ካልሞላ ነገም እዚያው ነው። የገጠር ውሻ ዕድሜው አጭር፣ ቡችላውም ብዙ ስለሆነ ለከርሞ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ፎቶ የሚነሣለት ነገር የለውም።

«ይህማ ሕልም ነው» እንዳትሉኝ። ባሌ ላይ የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ሠራተኞች በፈረስ ከመንደር መንደር እየዞሩ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች ሲከትቡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው ከውሻ ወደ ቀበሮ ተሻግሮ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ ሲፈጅ አይተዋልና። እስቴና ላይ ጋይንት የሚጋሩት ጉናም የቀይ ቀበሮ ተራራ ነበር። ለቀበሮ ሲባል የተቻለው ለእረኛ ልጅ ለምን አይቻልም?

ሌላም ልጨምር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን ከብቱን የፈጀው የደስታ በሽታ ዛሬ የት አለ? ከብት እየተከተበ ጠፋ፤ ከዓለም መጥፋቱም በሰኔ 2003 ዓ.ም. ታወጀ። በሬ ዋጋ ስላለው ከተብነው። ውሻ ገበያ ስለማይወጣ መርዝ ገዛንለት። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

«ሰው በሚያልቅበት አገር ስለ ውሻ?» የሚለውም ጥያቄ ይመጣል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ነፋስ መውጫ ለደረሰበት ሕዝብ ይህን ጥያቄ መናቅ ነውር ነው። መልሱ ግን ከጥያቄው ውስጥ ይገኛል። ሰው ሲሸሽ ውሻው ይቀራል፤ ይራባል፣ ይንከራተታል፤ ሐኪም ባይደርስ እብደቱ ይደርሳል። ክፉ ጊዜ ክትባቱን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል እንጂ ትርፍ ነገር አያደርገውም።

ስለዚህ ውሻ ውደዱ አልልም። የማይወድ አይውደድ፤ ፍቅር በአዋጅ አይመጣም። የምለው አንድ ነው፦ ለመርዙ ሥጋ የሚገዛ ገንዘብ ካለ፣ ለክትባት ሳጥን በረዶ፣ ለመዝጋቢውም ደብተር የሚገዛ ገንዘብ አለ ማለት ነው። መርዙን የሚበትን ሰው በአንድ ሌሊት ሥራውን ጨርሶ ይተኛል። መዝገብ የያዘው ዓመት እስከ ዓመት አያርፍም። የእረኛውን ልጅ የሚያድነው ግን ይኼኛው ነው።