የማማን መርፌ ማን አስተማራት?

ጅዳ ውስጥ አንዲት እህታችን ጠዋት ከፍሪጅ ኢንሱሊን ታወጣለች። አልጋ ላይ የዋሉት የቤቱ አሮጊት፣ ማማ፣ ደግሞ ዛሬ ቁርስ አልበላም ብለዋል። ትውጋቸው ወይስ ትተወው? ማዳም ሥራ ሄዳለች። የመድኃኒቱ ወረቀት በዓረብኛ ነው። የነርስ ተማሪ ይህን ጥያቄ በሽተኛ ሳይነካ ገና ስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) ውስጥ ይጠየቃል። እሷን ማን ጠየቃት?

“እሷ እኮ የቤት ሠራተኛ እንጂ ነርስ አይደለችም” የሚል አይጠፋም። ታዲያ በዚያ ቤት ነርሷ ማን ናት?

ጅዳ የነርስ መምህር የጠፋባት ከተማ ናት እንዳንል፣ የንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነርሶችን በዲግሪ ያስተምራል። መካም ኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ አላት። እዚያው መካ፣ ፀሐይ የመታውን ሐጃጅ ውኃ እየረጨ በነፋስ የሚያቀዘቅዝ አልጋ ለሐጅ ተብሎ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሐጅ 1,301 ሰዎች ሲሞቱ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ለሥራ የሚገባን ነርስ ክፍል ውስጥ ብቻ አስተምሮ መላክ ይቻላል? ካልተቻለ፣ ማማ ቤት የገባችውንስ ምን ብለን ላክናት?

ወደ ራሳችን እንምጣ። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄድ ሰው የብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) የያዘ እንዲሆን ደነገገ። መልካም። ግን ሲኦሲ የተፈተነችው ልጅ የማትንቀሳቀስ ሴት ስታገላብጥ ያያት ፈታኝ አለ? በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጡ ዳሌና ተረከዝ እንደሚቆስል፣ በሽተኛን አንሶላ ላይ መጎተት ቆዳ እንደሚልጥ የነገራትስ? መንገር ብቻውንም አይበቃም። የነርስ መምህር አሳይቶ፣ አሠርቶ፣ እጇን ይዞ ያርማል፤ ሥራው ይኸው ነው። ማሠልጠኛው ውስጥ እንዲህ የሚያርም ነርስ ተቀጥሯል?

በሚያውቁት ማሠልጠኛ ሴት ልጅዎን ወይም እህትዎን የሚያስመዘግቡ ከሆነ፣ ክፍያውን ከመጠየቅዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የሕመምተኛ አልጋ አላችሁ? አልጋው አጠገብ ቆሞ የሚያስተምረውስ ነርስ ነው? መልሱ “የለም” ከሆነ፣ የሚሰጡት ወረቀት አውሮፕላን ያሳፍራት እንደሆነ እንጂ ማማን አያድንም።