የፊውዝ ውለታ



ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ጥቂት ቃል በጋዜጣዎ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ትንሽ ማለቴ በመጠኑ ነው እንጂ በጥቅሙ አይደለም፤ ይኸውም በየቆጣሪያችን አጠገብ የሚገኘው ፊውዝ ነው።

በአንድ የበዓል ዋዜማ በቤታችን የእንጀራው ምጣድና ካውያው በአንድ መሥመር ሲሠሩ ፊውዙ ተቃጠለ። እኔም ጨለማው ቢያናድደኝ፥ በቀጭኑ ሽቦ ፈንታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ጠምዝዤ አስገባሁበት። መብራቱ ወዲያው መጣ፤ ራሴንም እንደ ባለሙያ ቈጠርሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የሚቃጠል ፕላስቲክ ሸተተን፤ ብናይ ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ጠቍሯል። ልጆቼ ከዚያው ግድግዳ ሥር ተኝተው ነበር። ሮጬ ዋናውን ማጥፊያ ባላወርደው ኖሮ ዛሬ ይህን ለመጻፍ ባልበቃሁ ነበር።

ምክንያቱን ኋላ ከአንድ ባለሙያ ተረዳሁ። የቤታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለሆነ፥ 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ 1,000 ዋት የሚወስድ ካውያ ሲጨመርበት ከ20 አምፔር ያልፋል። ሽቦ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ይግላል፤ ሽፋኑም ይቀልጣል፤ እሳትም ይነሣል። ፊውዝ የተሠራው በግድግዳው ውስጥ ካለው ሽቦ ቀድሞ እንዲቀልጥና መሥመሩን እንዲቈርጥ ነው። ስለዚህ ፊውዝ ሲቃጠል ሥራውን ፈጸመ እንጂ ተበላሸ አይባልም።

ይህ ስሕተት የእኔ ብቻ አይመስለኝም። ዛሬ በብዙ ስፍራ ፊውዝ በብሬከር ተተክቷል፤ ይሁን እንጂ «እየወደቀ አስቸገረ» በማለት 16 አምፔሩን አንሥቶ በዚያው ሽቦ ላይ 32 አምፔር የሚያስገባ ሰው አይታጣም። ይህ ዘበኛው ስለ ጮኸ ዘበኛውን እንደ ማሰናበት ነው። በመሥሪያ ቤትም በክረምት ማሞቂያው፥ የቡና ማፍያውና ኮምፒዩተሩ በአንድ ማከፋፈያ ሲደረደሩ፥ በአጠገቡ ያለው መዝገብ ቤት የስንት ሰው ጡረታና ርስት ጉዳይ እንደያዘ የሚያስብ የለም።

ስለዚህ ፊውዝ ሲቃጠል ወይም ብሬከር ሲወድቅ አስቀድመን ምክንያቱን እንፈልግ፤ የምንተካውም በልኩ ይሁን። ምጣድ የራሱ መሥመር ይኑረው። የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎችም መሥመሩን በየጊዜው በባለሙያ ያስመርምሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና፥ የአንድ ፊውዝ ዋጋ ከአንድ ቤት ዋጋ ጋር እንደማይመዛዘን አንባቢዎች እንዲያስቡበት አሳስባለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ