በስምዖን ቤት ያልቀረበው ውኃ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ፣ ከመርሳ የመንገድ ዳር ሻጮች ማንጎና ፓፓዬ ሸምቶ፣ ሲሪንቃን በስተ ኋላው ትቶ ወልድያ ሲገባ፣ ምናልባት ልብ ሳይለው የሚያልፈው ነገር ቢኖር እነዚህ ከተሞች ኑሯቸው ከመንገድ ጋራ የተቈራኘ መሆኑ ነው። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ያነጠፉት የአሥመራ መንገድ፣ ኋላም ቻይናዎች ከወልድያ በጋሸና አድርገው እስከ ወረታ የዘረጉት አውራ ጎዳና፣ እህልና ሲሚንቶ፣ ጨርቅና ነዳጅ የሚያመላልሰው ባለ ከባድ መኪና ብዙው በወልድያ እንዲያድር አድርገውታል፤ ሹፌር በሚያድርበት ከተማ ደግሞ ምግብ ቤትና አልጋ ቤት፣ ጠጅ ቤትና ቡና ቤት ይበዛል፤ ቡና ቤት ባለበትም ለእንግዳ መጠጥ እየቀዱ፣ ገላቸውን እየሸጡ የሚተዳደሩ ሴቶች አይጠፉም። ስለ እነዚህ ሴቶች በጋዜጣ ሲጻፍ ዘወትር የሚነሣው ስለ በሽታ፣ ስለ ኃጢአት ወይም ስለ መቋቋሚያ ገንዘብ ነው። እኔ ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ከእነዚህ ሁሉ ስለሚቀድመው ስለ ጨዋነት ነው፤ ይኸውም የወሎ ሰው ለሌላው ሁሉ ሲያድል ለእነርሱ ብቻ ስለሚነፍገው ጨዋነት።

ሽማግሌውን «አንቱ»፣ ታላቅ እኅቱን «እትዬ» የሚል፣ ተክዞ ያየውን የማያውቀውን ሰው እንኳ «አብሽር» ብሎ የሚያጽናና ሕዝብ፣ ማለዳ ወደ ሱቁ የመጣችውን የቡና ቤት ሴት እንዴት እንደሚቀበላት በመርሳ ከአንድ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ከእርሷ በፊት ስኳር ለገዛችው ባለትዳር ባለሱቁ መልሷን በቀኝ እጁ፣ ግራውን ከክርኑ ሥር አድርጎ፣ በትሕትና ሰጣት፤ የዚያችን የሳሙና መልስ ግን እጇን ላለመንካት ያህል ከጠረጴዛው ላይ ወረወረው፤ አንዱ ሳንቲም ተንከባሎ መሬት ወረደ፤ እርሷም ጎንበስ ብላ አነሣችውና «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሄደች። ማንም አልሰደባትም፤ ማንም እጁን አላነሣባትም፤ ነገር ግን ያ እጅ በሁለቱ ሴቶች መካከል ያደረገው ልዩነት ከስድብ የሚያንስ አልነበረም። ይልቁንም የሚከብደው ነገር፣ ሌሊት በዚያው ቡና ቤት ተቀምጦ በለዘበ አንደበት ሲለማመጣት ያመሸ ሰው፣ በማግሥቱ ከጓደኞቹ ጋራ ሲያልፍ ሲያያት በጣቱ እየጠቈመ ስሟን ማጕደፉ ነው።

እነዚህ ሴቶች የእኛው ልጆች ናቸው። በ1966ቱና በ1977ቱ ረኃብ ከራያ፣ ከየጁና ከላስታ ቀዬውን ለቆ ወደዚህ አውራ ጎዳና የወረደው ሕዝብ ብዙ ሴት ልጆቹን መንገድ ዳር ትቶ አልፏል። ዛሬም ያለ ዕድሜዋ ተድራ ከባሏ ቤት የሸሸች፣ ለሳዑዲ ዓረቢያ ጉዞ የተበደረችውን ገንዘብ ሳትከፍል ባዶ እጇን የተመለሰች፣ ከጦርነት ወይም ከመፈናቀል የተረፈች ሴት ከእነርሱ መካከል ብትገኝ የሚደንቅ አይደለም። ሐብሩ ልጆቹን በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ በመስደድ የታወቀ ወረዳ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. ከዚያች አገር ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲባረሩ ከተመላሾቹ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ነበሩ። በዚያው በሐብሩ ጃራ የሚባለው መጠለያ ከወለጋ ለተፈናቀሉ ወገኖች የድንኳን መንደር ሆኖ ቆይቷል። ሁሉም ወደዚህ ሥራ ይገባሉ ማለቴ አይደለም፤ እጅግ የሚበዙቱ አይገቡም። ደግሞም ከሰው ቤት ሠራተኛ ደመወዝ ይልቅ ይህን መርጬ ገባሁ የምትል ሴት አለች፤ እርሷንም በግድ የተገፋች አድርጎ ብቻ መሳል ሌላ ዓይነት ንቀት ይመስለኛል። ስለዚህ ከመጠጥ በኋላ ሐዘንተኛ መስሎ «እንዴት እዚህ ገባሽ?» እያለ የሕይወቷን ታሪክ የሚመረምር ሰው፣ ለራሱ ርኅሩኅ ቢመስለውም፣ ያልተሰጠውን ሥልጣን መያዙን ይወቅ። ታሪኳ የእርሷ ገንዘብ ነው፤ ብትሻ ትነግረዋለች፣ ባትሻ ትተወዋለች።

በሰሙነ ሕማማት በዕለተ ረቡዕ ቤተ ክርስቲያናችን የምታስባትን፣ በሽቱዋ የታወቀችውን ማርያም እንተ ዕፍረትን የማያውቅ ምእመን የለም። በወንጌለ ሉቃስ 7ኛ ምዕራፍ የተጻፈውን በምንሰማበት ጊዜ ዘወትር ልባችን የሚሄደው ወደ እንባዋና ወደ ንስሐዋ ነው፤ እኔ ግን ዓመት በዓመት የሚያሳስበኝ የቤቱ ጌታ ስምዖን ነው። ስምዖን በሕጉ እንከን የሌለበት፣ በከተማው የተከበረ፣ መምህርን ወደ ማዕዱ የጠራ ሰው ነበር። ጌታችን የወቀሰበት ነገር ምን እንደ ሆነ ልብ እንበል፤ ለእግሩ ውኃ አላቀረበም፣ ሲገባ አልሳመውም፣ ራሱንም ዘይት አልቀባም፤ ሦስቱም የእንግዳ አቀባበል ወጎች ናቸው። ሴቲቱም የተመሰገነችው እነዚህኑ የቀሩትን ወጎች በእንባዋ፣ በጠጉሯና በሽቱዋ ስለ ፈጸመች ነው። ተግሣጹም የጀመረው ስምዖን ሴቲቱን እንዲመለከታት በማድረግ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እርሱ የተመለከተው ስለ እርሷ የሚወራውን ነበርና። በከተማችን ስንት የተከበረ ሰው በስምዖን ወንበር ተቀምጦ እንዳለ ሳስበው ልቤ ያዝናል።

ይህች ሴት ንስሐ ስለ ገባች ነው የተከበረችው የሚለኝ አንባቢ ቢኖር፣ ወደ ኢያሪኮ እወስደዋለሁ። ጋለሞታይቱ ረአብ የእስራኤልን ሰላዮች በቤቷ ጣሪያ በተልባ እግር ሥር በሸሸገቻቸው ጊዜ ገና በሥራዋ ላይ ነበረች፤ ወንጌላዊው ማቴዎስ ግን ስሟን ከጌታ የዘር ሐረግ መካከል ሳያፍር ጽፎታል። የሙስሊም ወገኖቻችንም፣ የዳና ሸኾች ባስተማሩበት በየጁ ምድር፣ ከነቢያቸው ሐዲስ የሚያውቁት ነገር ይህንኑ ይመሰክራል፤ በውኃ ጥም ሊሞት የደረሰ ውሻ ያየች አንዲት ሴተኛ አዳሪ ጫማዋን አውልቃ፣ በሻሿ አስራ፣ ከጕድጓድ ቀድታ አጠጣችውና ስለዚህ ምሕረት አገኘች። ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ቤት ተጋብተው በሚኖሩበት አገር፣ ቄሱም ሸኹም ይህን በየዐውደ ምሕረቱና በየመስጊዱ አዘውትረው ቢያነሡት ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ፍሬ ያፈራ ነበር።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 ሰብዓዊ ክብርን ለማንኛውም ሰው ሲሰጥ ማንንም ለይቶ አላስቀረም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 634 የሚቀጣው በሌላው ሴተኛ አዳሪነት የሚነግደውን ሰው እንጂ ሴቲቱን አይደለም፤ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሲቀጣ፣ የተደፈረችው ሴት መተዳደሪያዋ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት እጅ በነበሩበት ወራት ስለ ተደፈሩ ሴቶች ሲነገር፣ «ለቡና ቤት ሴት ምን አዲስ ነገር አለው?» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚህ የከፋ ቃል ከሰው አፍ ሲወጣ አላስታውስም፤ ያን የሚል ሰው፣ ሴቲቱ አንድ ጊዜ ከሸጠችው ነገር ጋራ እምቢ የማለት ነጻነቷን ጨምራ የሸጠች አድርጎ ቈጥሯታልና። ግንቦት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ መቶ ያህል ሴተኛ አዳሪዎች የቅዱስ ኒዚየርን ቤተ ክርስቲያን ገብተው የተጠጉት እንዲህ ስላለው ንቀት ነበር፤ ጓደኞቻቸው ሲገደሉ ገዳዩን የሚፈልግ ሳይኖር፣ ፖሊሱ ግን እነርሱን በመቀጫና በእስር ስላስጨነቃቸው ነው። የደብሩ ካህን አላባረሯቸውም። እኛም አገር ተደብድባ ወደ ጣቢያ የምትሄድ ሴት አስቀድማ የምትፈራው የመርማሪውን ሣቅ እንዳይሆን የሚያደርግ ሹም ያስፈልገናል።

ክብር መስጠት ሥራውን ማበረታታት ይሆናል የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ፤ ኀሳባቸውን አልንቅም። ነገር ግን ነጋዴውን «እንደምን አደርክ» የምንለው ሚዛኑን መርምረን አይደለም፤ ዳኛውንም ከመቀመጫችን ተነሥተን የምንቀበለው ፍርዱን ሁሉ አጽድቀን አይደለም። ታዲያ ለእርሷ ሲሆን ብቻ ሰላምታችን ስለ ምን የኅሊና ምርመራ ይቀድመዋል?

ወደ እርሷ የሚሄደው ሰውም የራሱ ግዴታ አለበት። እነርሱ «ሾርት» በሚሉት ይሁን በአዳር የተስማማበትን ዋጋ ከስካር በኋላ አይሸርፍ፤ ኮንዶም እንዲደረግ ስትጠይቀው አይከራከር፤ እምቢ ካለችው በሩን ሳይደበድብ ይሂድ፤ ፎቶግራፏንም በስልኩ አንሥቶ ለጓደኞቹ አያሳይ። ቀን በገበያ ሲያገኛት ሰላም ካለችው ሰላም ይበላት፣ ዝም ካለችም እርሱም ዝም ብሎ ይለፍ፤ የምታፍርበት ዘመድ ከጎኗ ይኖር ይሆናል። የጤና ባለሙያውም መድኃኒቷን በተሰለፈው ሕዝብ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አይጥራ፤ መምህሩም በእናቱ ምክንያት የሚሣቅበትን ልጅ ከክፍሉ አንዱ አድርጎ ይጠብቀው።

አሁን ግን ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የሞታቸው ነገር ነው። በየሰፈሩ እድር ያለው ሰው ድንኳን ይተከልለታል፣ ለቀስተኛ ይሰበሰብለታል፤ የእነዚህ ሴቶች ሬሳ ግን ጓደኞቻቸው በእቁብ ካጠራቀሙት ገንዘብ ባዋጡት ጥቂት ብር መቃብር ይወርዳል። አንድ የማውቃቸውን የእድር ዳኛ ስለዚህ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ገንዘቧንስ እንቀበል ነበር፤ ከቡና ቤት ስሟ በቀር ማን ብለን በመዝገብ እንጽፋት?» አሉኝ። እኔም፣ «አንቱ ራስዎ ይጠይቋት፤ የአባቷን ስም ጨምራ ትነግርዎታለች» አልኋቸው። አሁንም የወልድያና የመርሳ የእድር ዳኞችን የምለምነው ይህንኑ ነው፤ የመግቢያውንና የወሩን መዋጮ እንደ ጎረቤቷ የምትከፍለውን ሴት ስሟን ከነአባቷ ይጻፉላት፣ በሞተችም ጊዜ ድንኳኑን ይትከሉላት። አዲስ ደንብ ማውጣት አያስፈልጋቸውም፤ እኔ ባነበብኋቸው የእድር ደንቦች ውስጥ አባሉ በምን ሥራ እንደሚተዳደር የሚጠይቅ አንቀጽ አላገኘሁም።